ምጥ ማስጀመር በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ፦ አልጋ ይዞ ወይስ ቤት ሆኖ

ምጥ ማስጀመር በራሱ ያልመጣን ምጥ በመድኃኒት ወይም በመሣሪያ መቀስቀስ ነው። በባሕር ዳር፣ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ምጥ የሚጀመርላት እናት አልጋ ይዛ ትተኛለች። በዴንማርክ፣ በብሪታኒያና በአውስትራሊያ ደግሞ እርግዝናዋ ደህና የሆነ እናት ማስጀመሪያው ተደርጎላት ወደ ቤቷ የምትሄድበት፣ ምጡ ሲጠነክር ወይም በተቀጠረችበት ሰዓት የምትመለስበት አሠራር አለ።

ምጥ የሚጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሽርት ውሃ ፈስሶ ምጥ መዘግየት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በብዛት የሚያከራክረው ግን የቀን ማለፍ ነው። በእኛ አገር እናቶች የሚቆጥሩት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ይህም ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ 275 ቀን መሆኑ ነው። ሐኪም ደግሞ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት ይቆጥራል፤ ፅንስ የሚያዘው ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። አንዷ የወር አበባዋ ሳይመጣ ከቀረበት ጊዜ ጀምራ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ የወር አበባዋን ቀን ጨርሶ አትይዝም። ስለዚህ ካርዷ ላይ 41 ሳምንት ተጽፎ ምጥ ይጀመርልሽ ስትባል «ገና ነኝ» ብትል አይፈረድባትም። ክርክሩን የሚፈታው ከ24 ሳምንት በፊት የተነሣ አልትራሳውንድ ነው። ዘግይቶ የተነሣው ቀኑን ያን ያህል አጥርቶ አይናገርም።

አሠራሩ በማህጸን በር ሁኔታ ላይ ይወሰናል። በሩ ለስልሶ መከፈት ከጀመረ ሽርት ውሃው ይፈስሳል፣ ሕዝቡ የምጥ መርፌ የሚለው ኦክሲቶሲንም በግሉኮስ ውስጥ በጠብታ ይሰጣል። ኦክሲቶሲን የማህጸኑን ቁርጠትና የፅንሱን የልብ ምት ያለማቋረጥ መከታተል ስለሚጠይቅ በየትም አገር ከሆስፒታል አይወጣም። በሩ ገና ጠንካራ ከሆነ ግን አስቀድሞ ማለስለስ ያስፈልጋል። ቤት ሆኖ መጠበቅ የሚነሣውም በዚህ ደረጃ ነው።

ማለስለሻው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፊኛ (ባሉን) ነው። ለሽንት የምናውቀው ቀጭን ቱቦ በማህጸን በር ያልፍና ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ፈሳሽ ይሞላል። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ሳብ ተደርጎ በፕላስተር ጭኗ ላይ ይለጠፋል። ሲገባ ያማል፣ ከዚያም እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ስሜት ይቆያል፤ ይሁንና እናቲቱ ትራመዳለች፣ ትበላለች፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች። በሩ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ፊኛው ራሱ ወልቆ ይወጣል። መውለቁ ግን ምጥ መጣ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ኦክሲቶሲን ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛው ሚሶፕሮስቶል የተባለው መድኃኒት ነው። ለምጥ ማስጀመሪያ የሚፈለገው 25 ማይክሮግራም ሲሆን በሰፊው የሚገኘው ጽላት 200 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ በትክክል ተከፍሎ ወይም በውሃ ተበጥብጦ በመጠን መሰጠት አለበት። መጠኑ ሲበዛ ማህጸን ያለ ዕረፍት ይኮማተራል፣ ፅንሱ ይታፈናል፣ ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን በወለደች እናት ላይ ደግሞ ማህጸን እስከመቀደድ ይደርሳል። ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ውስጥ መሞከር እናትንም ልጅንም ያሳጣል። ዴንማርኮች ቤት የሚወሰድ ጽላት የሚሰጡት መጠኑ ተለክቶ የተዘጋጀውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቤት ሆኖ ምጥ ማስጀመርን አልመከረም።

በውጭ አገር ቤታቸው የጠበቁ እናቶች ደስ ያሰኛቸው በገዛ አልጋቸው መተኛታቸው፣ የለመዱትን መብላታቸውና ባለቤታቸው ከጎናቸው መሆኑ ነው። ያስጨነቃቸው ደግሞ ሕመሙ የምጥ ይሁን አይሁን አለማወቃቸው፣ «አሁን ልደውል ወይስ ልታገሥ?» የሚለው ሐሳብና በምጥ ላይ ሆኖ መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው።

ወደ ጣና ስንመጣ ነገሩን የሚወስነው ርቀት ነው። ፋሲሎ ወይም ሽምብጥ ለምትኖር ሴት ሆስፒታሉ የባጃጅ መንገድ ነው፤ ጭንቀቱ ሌሊት ባጃጅ መጥፋቱ ነው። ከደቅ ደሴት ለመጣች ሴት ግን ቤት ማለት ከሐይቁ ማዶ ማለት ነው። ጀልባ በፈለጉት ሰዓት አይነሣም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ያይላል። ፊኛ አስገብቶ ወደ ደቅ መስደድ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። የዘጌዋም ብትሆን በጨለማ መንገድ ላይ መቅረት የለባትም።

ለእነዚህ እናቶች የሚቀርበው የእናቶች ማቆያ ነው። ማቆያ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል ሲሆን ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ይገኛል። ሩቅ ያለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እስክትወልድ ትቀመጣለች፤ ደህና በተያዘበት ቦታ ቡናው ይፈላል፣ ገንፎው ይገነፋል። ከተማ ዘመድ ያላት ደግሞ አክስቷ ወይም እህቷ ቤት ታርፋለች። ቤት ሆኖ መጠበቅ አንድ ቀን እዚህ ይሞከር ቢባል፣ በእኔ እምነት ቦታው ኦፕሬሽን በሚሠራበት ሆስፒታል ግቢ ያለ ማቆያ ነው። አዋላጅ ነርሷ በጥሪ ርቀት ትሆናለች፣ እናትየዋም ከእናቷ ጋር ትቀመጣለች። ምጥ ክፍል አስታማሚ ውጭ ቆሞ በሚጠብቅበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ምጥ እንዲፋጠን ተልባ በጥብጦ ማጠጣት፣ ሆድን በቅቤ ማሸት የቆየ ልማድ ነው። አዋላጇ የተደረገውን ሁሉ ማወቅ ስላለባት ሊነገራት ይገባል፤ ሆድን በኃይል ማሸት ግን መቅረት አለበት።

መንታ የያዘች፣ ፅንሱ የተገለበጠባት፣ ደም ግፊት ያለባት፣ ቀደም ሲል በኦፕሬሽን የወለደች እናት ይህ አሠራር ባለባቸው አገሮችም በአብዛኛው ወደ ቤት አትላክም። የተላከችውም ደም ከፈሰሳት፣ ሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ቁርጠቱ ፋታ ካጣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ወዲያው ትመለሳለች። ማን እንደሚያመጣትና በምን እንደምትመጣ የሚታወቀውም ፊኛው ከመግባቱ በፊት ነው።