ክስ ምንድን ነው? ተያዘ ማለት ተከሰሰ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ አጠገቤ ያሉ ሰዎች ስለ ጎረቤታቸው ልጅ ያወራሉ። «ልጁ ተከሰሰ» ይላሉ። ልጁ የተያዘው ትናንት ማታ ነው። ገና ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለፖሊስ ምርመራ የሚሰጥ ተጨማሪ ጊዜ፣ እንኳ አልተጠየቀበትም። ተጠርጣሪ እንጂ ተከሳሽ አይደለም!

እሱ ሳያንስ፣ በዚያው ሳምንት የፍራንዝ ካፍካን «ዘ ትራያል» የተባለ ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርሼ ነበርና ሌሎች ስለ መጽሐፉ ምን እንዳሉ ሳይ አንዱ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ «ጆሴፍ ኬ. በሐሰት ተከሶ» ብሎ ጽፏል። ወንድሜ፣ ሰውየው መቼ ተከሰሰ? በ30ኛ ዓመት ልደቱ ጠዋት ያዙት። የያዙት ሰዎች ቁርሱን በሉበት። አለቃቸው ደግሞ መያዙን እንጂ መከሰሱን እንደማያውቅ ነገረው። ጠበቃ ነኝና እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ለጊዜው አስቀመጥኩት።

የወንጀል ክስ ዐቃቤ ሕግ ጽፎ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ነገር ነው። ማን፣ ምን አደረገ፣ መቼ፣ የት፣ የትኛውን አንቀጽ ተላለፈ የሚለው ሁሉ እዚያ ላይ መስፈር አለበት። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 111 ይህንኑ ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ክሱን በዝርዝርና በጽሑፍ የማግኘት መብት ሰጥቶታል።

የጎጃም ገበሬ ይህን ለመረዳት እኔን አይፈልግም። ክስ የማሳ ወሰን ነው። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። «ድንበር ገፍተሃል» ስትባል መጀመሪያ የምትጠይቀው «የቱ ጋ?» ብለህ ነው። ቦታውን ካሳዩህ ምስክር ትቆጥራለህ፣ ድንጋዩን ታሳያለህ። ካላሳዩህ ግን አባትህ ካወረሱህ ጀምሮ ስላረስከው እርሻ ሁሉ ልትከራከር ነው። ጆሴፍ ኬ.ም የገጠመው ይኸው ነው፤ የመከላከያ ጽሑፍ ልጻፍ ሲል ክሱን ስለማያውቅ የሕይወቱን ታሪክ በሙሉ፣ ትንሹን ድርጊት ሳይቀር፣ ማስታወስና መመርመር ሊኖርበት ነው። ይህ ከሐሰት ክስ ይከፋል። የሐሰት ክስ ቢያንስ ወሰን አለው፣ «በዚያ ቀን እዚያ አልነበርኩም» ትላለህ። በድሮው በላ ልበልሃ እንኳ ከሳሽ ፊት ለፊት ቆሞ ይናገራል፣ ተከሳሽ ሰምቶ ይመልሳል።

ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። የማሳ ድንጋይ እንዲሁ አይነቀልም፣ ክስ ግን ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ሊሻሻል ይችላል። የፍትሐ ብሔር ክስ ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱን ማንም ባለጉዳይ ያቀርባል።

ወደ ቡና ቤቱ ልመለስ። ለልጁ ቤተሰቦች «ለምን ተከሰሰ?» የሚለውን ተዉት አልኳቸው። ዛሬ የሚጠየቀው በምን እንደተጠረጠረ ተነግሮታል ወይ፣ በ48 ሰዓት ውስጥስ ፍርድ ቤት ይቀርባል ወይ ነው። ከገጠር ከሆነ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። እናቱ ሰዓቱን እጇ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት።