የውሻ ቁንጫ የቤት ውስጥ መድኃኒት ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለገጣፎም ሆነ በሰበታ በኩል፣ ሌሊት ጅብ ስለሚመጣ ግቢውን የሚጠብቀው ውሻ ነው። የሚተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በር ሥር በተነጠፈ አሮጌ ጆንያ ላይ ነው። የቁንጫው ጉዳይ ያለውም እዚያው ጆንያ ላይ ነው።

የቤት ውስጥ መድኃኒት ሲባል ብዙ ሰው ውሻው ላይ የሚፈስ ወይም የሚቀባ ነገር ይፈልጋል። ለእኔ ዋናው መድኃኒት ሳሙና፣ የቅማል ማበጠሪያ፣ የፈላ ውኃና ፀሐይ ነው። ውሻው ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነውና። ሴቷ በቀን እስከ 40 ወይም 50 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ጠጉር ላይ ስለማይጣበቅ ውሻው በተኛበት ሁሉ ይረግፋል። የተፈለፈለው እጭ ብርሃን ሸሽቶ በጆንያው ስፌትና በወለሉ ስንጥቅ ይደበቃል፤ ከዚያም ድር ሠርቶ ራሱን ይሸፍናል። እዚያ ውስጥ ለወራት መቆየት ይችላል። የሚወጣው የእግር ንዝረትና የገላ ሙቀት ሲሰማው ነው። ለበዓል አገር ቤት ሰንብቶ የተመለሰ ቤተሰብ በሩን ከፍቶ ሲገባ ቁንጫ የሚወርረው ለዚህ ነው።

መኖሩን ለማረጋገጥ ከጅራቱ በላይ ያለውን ወገቡን አበጥሩና የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ዙሪያው ቀላ ካለ አፈር አይደለም፤ ቁንጫው መጥጦ ያስወገደው ደም ነው። ማበጠሪያውን የሳሙና ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ እየነከራችሁ ቀጥሉ። ሳሙና በሌለበት ውኃ ቁንጫ ተንሳፍፎ ያመልጣል፤ በሳሙና ውኃ ግን ይሰምጣል። ስታጥቡት ረፋድ ላይ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይሁን፤ ቁንጫው ወደ ፊቱ እንዳይሸሽ መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን አረፋ አልብሱት።

ጆንያውን መጣል ይሻላል። ብርድ ልብስ ከሆነ በፈላ ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ እጩ ድርቀትን አይችልም። ወለሉንም ጥጋጥጉ ሳይቀር በየጊዜው ጥረጉ። የተሸፈኑት ገና ስለሚወጡ ይህን ከወር በላይ መቀጠል ያስፈልጋል።

እንዶድስ? አረፋው ያጸዳል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ተክል ነው። ነገር ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ሲዋጥም መርዝ ነው፤ ውሻ ደግሞ ገላውን ይልሳል። ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ላምባና የሰብል ፀረ ተባይ የሚቀቡትን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ቆዳውን ያቃጥላሉ፣ ሲልሰውም ሊገድሉት ይችላሉ።

በሰገራው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ከታየ፣ ቁንጫ በመዋጡ የያዘው የሆድ ትል ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ያሻዋል። ድዱ የነጣ ቡችላ ደግሞ ዕለቱን ወደ ሐኪም መድረስ አለበት፤ ቁንጫ የበዛበት ቡችላ በደም ማነስ ሊሞት ይችላል።