የዛፍ ቅርፊት ለእሳት ማያያዣነት

ማገዶው ሞልቶ እሳት እምቢ የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በክብሪቱና በፍልጡ መካከል የሚገባው ነገር ሲጎድል ነው። አንዲት የክብሪት እንጨት የምትነደው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው፤ በዚያች ጊዜ የጣት ውፍረት ያለው ጭራሮ እንኳ ሞቆ ለመቀጣጠል አይደርስም። ክፍተቱን የሚሞላው እሳት ማያያዣ ነው። ሣርና ገለባም ለዚህ ይሆናሉ፤ የዛፍ ቅርፊት ግን ሣር በማይገኝበት ወቅትም ከዛፍ ሥር አይጠፋም።

ቅርፊት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ እንደ ጸጉር ስለሚፈታ ፍም ያቅፋል። አንዳንዱ ስስ በመሆኑ ነበልባል ይቀበላል እንጂ ፍም ቢያስቀምጡበት ጠቁሮ ይቀራል። ሌላው ደግሞ በውስጡ ባለው ሙጫ መሰል ነገር ዝናብ ነክቶትም ይነዳል። ይህን ሳይለዩ መሞከር ክብሪት መጨረስ ነው።

ፍም ለማቀፍ ከአገራችን ዛፎች የሐበሻ ጥድን የሚያህል ጥቂት ነው። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ስስና ጭረታም ሆኖ ከግንዱ ላይ በጠባብ በጠባቡ ቁልቁል ይላቀቃል። ልጥ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው በውኃ ተነክሮ ለማሰሪያ የሚውለው ነው፤ ለእሳት የሚፈለገው በተቃራኒው ፈጽሞ የደረቀው ነው። ከወደቀ ግንድ፣ ከአሮጌ የአጥር ቋሚ ወይም አናጢ ልጦ ከጣለው ይወሰዳል። ሁለት እፍኝ ያህል ልጥ ይያዝና ጨርቅ ወይም ሰፌድ ላይ ሆኖ በሁለት መዳፍ መካከል ይታሻል፤ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ጭረቱ እየተፈታ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም የተበጠረ ጥጥ ይመስላል። ሦስት አራት ደቂቃ ይፈጃል። እየታሸ የሚረግፈው ቀይ ብናኝ መጣል የለበትም፤ ፍሙ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነውና።

ከታሸው ልጥ የወፍ ጎጆ የሚመስል ነገር ይሠራል፦ ሻካራው ከውጭ፣ ለስላሳው ከውስጥ፣ ብናኙ መካከሉ ላይ። የአተር ፍሬ የምታህል ፍም ትበቃለች፤ ከምድጃ ረመጥ ሥር የተገኘችም ሆነች ከጎረቤት በገል ተጭራ የመጣች። ፍሟ ብናኙ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ጎጆው ሳይጨመቅ ታጥፎ ይያዛል። ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ፣ ጎጆውን ከፊት ትንሽ ከፍ አድርጎ በቀጭኑ ረዘም ያለ እፍታ መስጠት ነው። ጭሱ መጀመሪያ ስስ ነው፤ ቀጥሎ ነጭና ወፍራም ይሆናል፤ እጅ ላይ ሙቀት ሲሰማ ነበልባሉ ሊወጣ ነው ማለት ነውና ጭራሮው አስቀድሞ ተደርድሮ መጠበቅ አለበት።

እዚህ ላይ የሚበላሸው በአብዛኛው በችኮላ ነው። ጎጆው ከተጨመቀ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ በጣም ከላላ ደግሞ ፍሙ ጭረቱን ሳይነካ ሾልኮ ይወድቃል። በጉንጭ ሙሉ የሚነፋ ሰው ፍሙን ይበትነዋል፣ በትንፋሹ እርጥበትም ያቀዘቅዘዋል። ጭሱ በዝቶ ነበልባል ካልመጣ ልጡ እርጥበት አለው። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ልጡን ከንፈር ላይ ማስነካት ይበቃል፤ ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም።

ባሕር ዛፍ ሌላ ጠባይ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በየጊዜው በረዣዥሙ እየላጠ ይጥላል፤ ከእሱ ይልቅ ለመልቀም የሚቀል ማያያዣ የለም። ብዙ ሰው የሚነደው በዘይቱ ምክንያት ይመስለዋል፤ ዘይቱ በብዛት ያለው ግን ቅጠሉ ውስጥ ነው። ቅርፊቱን የሚያነደው ስስነቱና ድርቀቱ ነው። ስለዚህ ፍም ሳይሆን የክብሪት ነበልባል ይፈልጋል። ሲደርቅ እንደ ቱቦ ይጠቀለላልና ውጭው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ በርዝመቱ ሰንጥቆ መክፈት፣ ከዚያ ጠመዝመዝ አድርጎ ጭረቱን ማላላት ያስፈልጋል። ክንድ የሚያህሉ ሰባት ስምንት ቁራጮች ከጭራሮው ሥር ገብተው ከታች በኩል ይለኮሳሉ። አመዱ ብዙ ስለሆነ ቅርፊቱን ብቻ ማገዶ ማድረግ ምድጃውን ያፍናል።

በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በመተማና በሁመራ አካባቢ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት በስሱ ይላጣል። የሳይንስ ስሙ ሁለተኛ ቃል «ፓፒሪፌራ» ነው፤ ወረቀት ያዥ እንደማለት። ይኸው ቃል ነጭ በርች በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ስም ውስጥም አለ። ስማቸው ቢመሳሰልም የዕጣን ዛፉ ልጣጭ ቦግ ብሎ ቶሎ ያልቃል፣ የበርች ግን ይቆያል። ከዕጣን ዛፍ የሚወሰደው ራሱ ረግፎ መሬት የወደቀው ብቻ መሆን አለበት፤ ዕጣን ለማውጣት የሚደማው ዛፍ ያለበት ቁስል ይበቃዋል።

በርች በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በካናዳና በሚኒሶታ ለሚኖሩ አንባቢዎች የቅርብ ዛፍ ነው። የነጩ ውጫዊ ቅርፊት አንዱ ትልቅ ክፍል ቤቱሊን የሚባል፣ ውኃ የማያስገባና ጥሩ የሚነድ ንጥረ ነገር ነው። ርሶ ቢገኝ ውኃውን በጨርቅ ጠርጎ መለኮስ ይቻላል። ክብሪት ከሌለ ቅርፊቱ በቢላ ጀርባ ይፋቃል፤ የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ፍቅፋቂ ሲጠራቀም ከፌሮ ዘንግ (ሲፋቅ ብልጭታ ከሚረጭ የብረታ ብረት በትር) የሚረግፈው ብልጭታ ያነደዋል። ሳይፋቅ ብልጭታ ብቻ መርጨት ድካም ነው። ጭሱ ጥቁርና ጥላሸታም ስለሆነ ድስት የሚጣደው ቅርፊቱ ነዶ ካለቀ በኋላ ነው። ሰው በበርች መጠቀም የጀመረው ከጥንት ነው፦ በ1991 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው ከበርች ቅርፊት የተሠሩ ሁለት ዕቃዎች ነበሩት፤ በአንዱ ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ ከሰል ተገኝቷል።

ከቆመ ዛፍ መላጥ የትም ቦታ አይገባም። ዛፉ በቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው በውስጠኛው ቅርፊት ነው፤ ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ተርቦ ዛፉ ይደርቃል። በስዊድንም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከቆመ ዛፍ ቅርፊት መውሰድ ክልክል ነው።

ለማያያዣ የማይነኩም አሉ። የቁልቋል ወተት ዓይን ያቃጥላል። መረንዝ ለቀስት መርዝ ይሠራበት የነበረ ዛፍ ስለሆነ ቅርፊቱም እንጨቱም ምግብ ወደሚበስልበት እሳት መቅረብ የለበትም።

የክረምቱ ማያያዣ የሚሰበሰበው በበጋ ነው። ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ የተቀመጠ ልጥ ጭሱና ሙቀቱ ሲያደርቀው ይከርማል። ከነእርጥበቱ ፌስታል ውስጥ የታሰረ ግን በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ፌስታል የሚጠቅመው አስቀድሞ ለደረቀው ነው። በበጋ ነፋስ ደጅ ላይ ባሕር ዛፍ ሲነድ ደግሞ የተለኮሰ ልጣጭ ወደ ላይ ተነሥቶ ሩቅ ሊወድቅ ስለሚችል ቁራጮቹን አሳጥሮ ከጭራሮው ሥር መጫን፣ አጠገብም ውኃ ማኖር ያስፈልጋል።