ልጁ ነው ወይስ ክፍሉ? ስለ ተማሪዎች ጠባይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ተፈጥሮው ነው፤ አይለወጥም»

እንዲህ የሚባልለት ተማሪ ብዙ ጊዜ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲረብሽ ቆይቶ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጨዋ ነው። ተፈጥሮው ቢሆን ኖሮ ከደወል ደወል ባልተለዋወጠ ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1936 ጠባይን የሰውየውና የአካባቢው የጋራ ውጤት አድርጎ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። በልጁ ላይ ከመፍረድ በፊት መቼ፣ የት፣ ከምን በኋላ እንደሚረብሽ ለተወሰኑ ቀናት መመዝገብ ይበጃል።

«ከክፍል ማስወጣት ያስተካክለዋል»

ጮክ ብሎ ማንበብ የሚያሳፍረውን ልጅ አስቡት። ተራው ሊደርስ ሁለት ተማሪ ሲቀረው አጠገቡ ያለውን በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል። ያኛው ይጮኻል፤ መምህሩ «ውጣ!» ይላል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፤ ከንባቡ ግን ተገላገለ። ነገም ይደግመዋል፤ ለምን አይደግም? እንዲህ ላለው ተማሪ የሚያነበውን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት ሰጥቶ ቤቱ እንዲለማመድ ማድረግ፣ ወይም ከጓደኛው ጋር አብሮ እንዲያነብ መፍቀድ ከቅጣቱ የበለጠ ይሠራል። ያው ጉሸማ የሰው ዓይን ከሚፈልግ ልጅ ሲመጣ ግን መድኃኒቱ ሌላ ነው፦ ሳይረብሽ፣ ሥራውን እየሠራ ሳለ ጠጋ ብሎ ማናገር። አንድ ዓይነት ቅጣት ለሁሉም ሲታዘዝ የሚከሽፈው ለዚህ ይመስለኛል።

«ጮክ ብሎ መቆጣት ሥርዓት ያስይዛል»

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦሌሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት የክፍል ውስጥ ጥናት፣ ለተማሪው ብቻ በሚሰማ ድምፅ የተነገረ ተግሣጽ ክፍሉ ሁሉ ከሚሰማው ይልቅ ረብሻ ቀንሷል። በጓደኞቹ ፊት የተጮኸበት ልጅ ክብሩን ለማስመለስ መልስ መስጠቱ አይቀርም።

«ጣፋጭ በልቶ ነው የሚቁነጠነጠው»

እ.ኤ.አ. በ1995 በርካታ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደሚለውጥ ማረጋገጫ አላገኘም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ልጆቹ ሁሉ የጠጡት ስኳር የሌለው መጠጥ ነበር፤ «ልጅሽ ስኳር ጠጥቷል» የተባሉት እናቶች ግን ልጃቸውን ቁንጥንጥ ሆኖ አገኙት፣ የበለጠም ተቹት። የአዋቂው ግምት ራሱ የልጁ አካባቢ ነው ማለት ነው። ትምህርት ሲጀመር በመምህራን ክፍል ውስጥ «እሱን ተጠንቀቀው» የሚለው ሹክሹክታ የሚያሰጋኝ ለዚህ ነው።

«ጠዋት የሚያንቀላፋ ሰነፍ ነው»

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል፤ በጉርምስና ወቅት ደግሞ ሰውነታቸው ራሱ የመኝታ ሰዓቱን ወደ ሌሊቱ ይገፋዋል። «አይሰማም» የሚባለውም አንዳንዴ ጆሮው ወይም ዓይኑ ምርመራ የሚሻ ነው።

«አካባቢን ማየት ለጥፋት ሰበብ መፈለግ ነው»

ሕጉ እንዳለ ነው፤ የመታ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የሰበረ ይጠግናል። የሚጨመረው ድጋፍ ነው። ለምሳሌ የዕለት ካርድ፦ ተማሪው ጠዋት ከአንድ ከሚያምነው አዋቂ ጋር ሁለት ወይም ሦስት ግብ ይይዛል፤ በየክፍለ ጊዜው መምህሩ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከሰዓት በኋላ አብረው ያዩታል። ነጥቡ ሁልጊዜ ከእረፍት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ የሚወርድ ከሆነ፣ መታየት ያለበት እረፍት ላይ ግቢው ውስጥ ምን እንደሚደርስበት ነው።