ስሊፕ አፕኒያ ምንድን ነው? ማንኮራፋት ሲቆምስ ዳነ ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው በቪዲዮ «ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ነበረብኝ፤ ጥርስ ላይ የሚደረገውን መሣሪያ ባደረግኩ ማግስት ማንኮራፋቴ ቀጥ አለ፤ ድኛለሁ» ሲል ሰማሁት። ደሴ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ይህንኑ ነገር ከታካሚዎቼም ደጋግሜ ስለምሰማው ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ።

ማንኮራፋት አየር በጠበበ ጉሮሮ እየተጋፋ ሲያልፍ የሚሰማ ድምፅ ነው። አፕኒያ ግን እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ራሱ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ ነው። ያን ጊዜ ድምፅ የለም።

የሐረጎን ዳገት አስቡት። ጭነት የያዘ መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ሲወጣ ከሩቅ ይሰማል። ጩኸቱ ቢያስጨንቅም መኪናው እየሄደ ነው። ናዳ ወርዶ መንገዱ ሲዘጋስ? ጸጥ ይላል። ጸጥታውን ሰምቶ «መኪናው ደሴ ገባ» የሚል ማን አለ?

አንዲት ሴት፣ ሾፌር የሆኑትን ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። «ወላሂ ዶክተር፣ ሲያንኮራፋ አይደለም የምፈራው፤ ዝም ሲል ነው» አሉኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በስልክ የቀዱትን አሰሙኝ። ማንኮራፋት፣ ማንኮራፋት፣ ከዚያ ምንም። የሚሰማው የመቁጠሪያቸው ፍሬ ብቻ ነው። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፤ 28 ሰከንድ። ከዚያ ሰውዬው ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ጎረሱ። እሳቸው ምንም አያስታውሱም። «ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል» ብቻ አሉ።

በቪዲዮው የተጠቀሰው የአፍ መሣሪያ ላይና ታች ጥርስ ላይ ተገጥሞ የታችኛውን መንጋጋ በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ይዞ ያድራል። ምላስም አብሮ ስለሚሳብ ጉሮሮ ይሰፋል። ልክ የሐረጎን ኩርባ እንደማስፋት ነው። ይሠራል፤ እኔም እሠራዋለሁ። ግን መንገዱ ሰፍቶ ሾፌሩ ነዳጅ ካልሰጠስ? አንጎል ራሱ «ተንፍስ» ማለቱን የሚያቋርጥበት የአፕኒያ ዓይነት አለ። እሱን መንጋጋ በመግፋት አናድነውም።

ከባድ የሚባለው ትንፋሽ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ ወይም ሲያንስ ነው። ቀዳሚው ሕክምና ሲፓፕ ነው፤ በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫን ያስተዋወቀው። ጭንብሉ አልለመድ ላለው ወይም መብራት እየጠፋ ለሚያስቸግረው የአፍ መሣሪያው ጥሩ አማራጭ ነው። ግን አስሉት። በሰዓት 50 ጊዜ ይቋረጥበት የነበረ ሰው ወደ 25 ቢወርድለት ማንኮራፋቱ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። 25 ግን ገና መካከለኛ ሕመም ነው። የቪዲዮው ሰው ይህን አልለካም።

ስለዚህ የአፍ መሣሪያው ቀስ በቀስ ከተስተካከለ በኋላ እሱን እንዳደረጉ እንደገና መለካት ግድ ነው። ቤት ውስጥም ይቻላል፤ አፍንጫ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ የደም ኦክስጅን የሚለካ ኦክሲሜትር አድርጎ ማደር ነው። በኮቪድ ጊዜ የገዛችሁት ኦክሲሜትር ቀን ላይ ጥሩ ቁጥር ቢያሳይ ስለ ሌሊቱ ምንም አልነገራችሁም። ደግሞ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ከፍታው ራሱ ቁጥሩን ስለሚለውጥ የመጀመሪያውን ሌሊት ኮምቦልቻ፣ ሁለተኛውን ደሴ ተለክታችሁ ኦክስጅኑን አታወዳድሩ። የቤት ምርመራ ትንፋሽ የተቋረጠበትን ብዛት የሚያካፍለውም አብዛኛውን ጊዜ በተኛችሁበት ሰዓት ሳይሆን በተቀዳው ሰዓት ሁሉ ነው። እንቅልፍ ሳይወስዳችሁ ስትገላበጡ ያሳለፋችሁትም ስለሚቆጠር ውጤቱ ከእውነቱ ሊያንስ ይችላል።

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ የሚደገፈው ጥርስ ላይ ነው። ጥርሱ የሚነቃነቅ ወይም ድዱ የሚደማ ሰው መጀመሪያ ይታከም። በሙቅ ውሃ አለስልሰው የሚነክሱትን ርካሽ ፕላስቲክ ለከባድ አፕኒያ አልመክርም። በልክ የተሠራውም ቢሆን በዓመታት ውስጥ ንክሻን ሊለውጥ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ሾፌሩ ጭንብሉን መልመድ ስላቃታቸው ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን መሣሪያውን ሠራሁላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤታቸው «አሁን ጸጥ ብሎ ያድራል» አሉኝ። ደስ አለኝ። ዳግም ምርመራው ተደርጎ ውጤቱን እስክናይ ግን መሪ እንዳይጨብጡ ነግሬያቸዋለሁ።