ፎርዊል ምንድን ነው?

ጮቄ ተራራ ለሽርሽር የሚወጣ ፒክአፕ በታየ ቁጥር «ፎርዊል እኮ ነው፣ የት ይያዛል!» የሚል አይጠፋም። ያው መኪና ሐምሌ ላይ ቢቸና ዙሪያ ዋልካ (ጥቁር የሚያጣብቅ ጭቃ) ውስጥ እስከ ሰሚያሱ፣ እስከ ጎማው ዘንግ፣ ሲሰምጥ ደግሞ «ችግር አለበት፣ ሁለት ጎማ ብቻ ነው የሚዞረው» ይባላል። መኪናው ምንም አልሆነም። ፎርዊል ማለት ጉልበት ወደ አራቱም ጎማ የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ ማለት ብቻ ነው። አራቱም መሬት ይቆነጥጣሉ ማለት አይደለም።

ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ጥማድ ይበቃል። ቀንበሩ መሐሉ ላይ በምራን ከሞፈሩ ጋር ታስሯል። ግራው በሬ አዳልጦት ቢንበረከክ፣ ቀኙ የቱንም ያህል ጉልበታም ቢሆን ቀንበሩ ይሽከረከራል እንጂ ሞፈሩ አይሳብም። ጥማዱ የሚስበው የደካማውን በሬ ሁለት እጥፍ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ዲፍረንሻል ይኸው ቀንበር ነው። ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል ጉልበት ያካፍላል። አንዱ ጎማ ለስላሳ ጭቃ ላይ ሆኖ ትንሽ ጉልበት ብቻ ከተቀበለ፣ ደረቅ ድንጋይ የረገጠው ጓደኛውም ያችኑ ትንሽ ነው የሚያገኘው። ናፍጣ በጨመርክ መጠን ጭቃ ላይ ያለው በባዶ ይፈጥናል፣ ጉድጓዱን ያጠልቃል።

ፎርዊል ሲገባ የተጨመረው ሁለተኛ ቀንበር ነው፣ የፊቱ። ሁለት ጥማድ በአንድ ሞፈር የሚያርስ ገበሬ የለም፤ ለምሳሌው ሲባል ይሁን። ትራንስፈሩ፣ ማለት ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን፣ የፊቱንና የኋላውን ዘንግ አንድ ላይ ስለሚቆልፍ፣ የኋላው ጥማድ ቢሰንፍ የፊቱ ይስባል። ጥቅሙ እሱ ነው። ነገር ግን መኪናው ቦይ ሲሻገር በሰያፍ ቆሞ የፊት ግራውና የኋላ ቀኙ ጎማ ከተንጠለጠሉ፣ በሁለቱም ቀንበር አንድ አንድ በሬ ወደቀ ማለት ነው። አራት ጎማ ያለው መኪና ሁለቱን በአየር ላይ እያሽከረከረ ይቆማል። «አራቱም አይዞርም» የተባለው ይኸው ነው።

መፍትሔው ዲፍሎክ፣ የዲፍረንሻሉ መቆለፊያ፣ ነው። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር ቀጥ አድርጎ ያስራል፣ ግራና ቀኝ አብረው ይዞራሉ። የሚገባው ሳይያዙ በፊት፣ ቆሞ ወይም በእርምጃ ፍጥነት ነው፤ ጎማ በኃይል እየዞረ ማስገባት ጥርሱን ይሰብራል። የኋላው ይቅደም፤ የፊቱ መሪውን ስለሚያከብድ ቀጥ ብሎ ለሚወጣ ቦታ ብቻ ይቆይ። አዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ በባዶ የሚዞረውን ጎማ ብቻ በኮምፒውተር በፍሬን ይይዙታል። ያ ጎማ መጠነኛ ጭነት ያገኛል፣ ለጓደኛውም የሚደርሰው በዚያው ልክ ይጨምራል። 

በላንድክሩዘር 79 ላይ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የፊት ጎማዎቹ መሐል ያሉት ሃብ፣ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙትና የሚያላቅቁት፣ ይታዩ። በእጅ የሚዞሩ ከሆኑ ሁለቱም «ሎክ» ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ «ፍሪ» ላይ ከቀረ የፊቱ ቀንበር አንድ በሬ ጎደለው፣ ስለዚህ ከፊት ምንም አይስብም። ማርሹ ገብቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ሰውዬው ዲፍረንሻል ሊያስፈታ ጋራዥ ይሄዳል!

ሌላው የሚያናድደው «ሎው (የፎርዊሉን ዝግተኛ ማርሽ) አስገባ፣ ይቆነጥጣል» የሚለው ምክር ነው። ሎው ጎማን አያስቆነጥጥም። በሂሉክስም በላንድክሩዘር ፒክአፕም ፍጥነቱን 2.5 ጊዜ ገደማ ቀንሶ ጉልበቱን በዚያው ልክ ያበዛል። ዋልካ ላይ ይህ ሊጎዳም ይችላል፤ ሎው አንደኛ ጎማውን ወዲያው ያስፈተልከዋልና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሻላል። ሎው የሚያስፈልገው ድንጋያማ አቀበት ላይ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልቁለት ላይ፦ አንደኛ ማርሽ፣ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ተነሥቶ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ጥቁር እያጨሰ ይደክማል። ስለዚህ አቀበቱ ሳይጀመር ሎው ቢገባ ፍሪሲዮኑ አይቃጠልም።

ወደ ደጀን በሚወስደው ደረቅ አስፋልት ላይ «ለጥንቃቄ» ፎርዊል አስገብቶ የሚነዳም አለ። ሲታጠፉ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ፤ ትራንስፈሩ ግን እኩል ዙሩ ይላቸዋል። ጭቃ ላይ ጎማው ሸርተት ብሎ ልዩነቱን ያስተካክላል፣ አስፋልት ላይ ግን አይሸራተትም፣ ዘንጉ ይጠመዘዛል። መሪው ይከብዳል፣ ማርሹ ፎርዊል ላይ ተነክሶ ይቀራል። ያኔ መምታትም መጎተትም አያስፈልግም፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ይፈታዋል።

ከማርሹ ይልቅ የሚረዳው ብዙ ጊዜ የጎማውን ንፋስ መቀነስ ነው። ጭነት የሌለው ፒክአፕ ድንጋይ ላይ 25፣ አሸዋ ላይ 18 እስከ 20 ፒኤስአይ ይበቃዋል። ከ15 በታች ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል፤ አስፋልት ላይ ሲመለሱም ካልተሞላ ይግላል፣ ይፈነዳል። ባዶ ከባድ ፒክአፕ ባሌስትራው ደረቅ ስለሆነ ኋላው ይዘላል፤ 100 ኪሎ ያህል አሸዋ በጆንያ ከኋላ ዘንጉ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ጎማውን መሬት ያስነክሰዋል። ዋልካ ግን ንፋስ ቢቀንሱለትም የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልጥ ያደርገዋል፤ ዝናብ በጣለ ማግስት እዚያ የሚገባ ካቦና ሌላ መኪና ይያዝ። መንገዱ ጠፋ ብሎ ወደ ጤፍ ማሳ ጎማ ማስገባት ደግሞ በየትኛውም ማርሽ አይፈቀድም።