ስለ ጦርነት ዜና ቋንቋ በተለምዶ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከባሕር ዳር በሐሙሲት አድርጎ ወደ ጎንደር ለመሄድ ያሰበ ሰው ዜና የሚከፍተው መንገዱ ሰላም መሆኑን ለማወቅ ነው። በዚያው ዜና ግን ማንን መፍራት፣ ማንን ማመን እንዳለበትም ሳያስበው ይማራል።

«ቁጥሩ ልክ ከሆነ ዜናው ልክ ነው»

አይደለም። መንገድ ዳር 3 ገበሬዎች በጥይት ሞቱ እንበል። «ሕይወታቸው አለፈ» ከተባለ ታመው የሞቱ ይመስላል። «በተኩስ ልውውጥ ተገደሉ» ከተባለ ተኳሹ ይሰወራል፤ ገበሬዎቹም ሲተኩሱ የነበሩ ይመስላሉ። ተጠያቂ የሚገኘው «እነ እገሌ ገደሏቸው» ሲባል ብቻ ነው። ገዳዩ ካልታወቀም «ማን እንደገደላቸው አልታወቀም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይቻላል። ቁጥሩ በሁሉም ያው 3 ነው።

«ስድብ ከሌለበት ሚዛናዊ ነው»

የአማርኛ አድልዎ ብዙ ጊዜ የሚገባው በግሡ ጫፍ ነው። የአንዱ ወገን አዛዥ «መግለጫ ሰጥተዋል»፤ የሌላው «ተናግሯል»። አንደኛው አንቱ፣ ሌላው አንተ! አድማጩ ማን ሹም፣ ማን ሽፍታ እንደሆነ በዚያችው ቅጽበት ይወስናል። «አመኑ» የሚለውም እንዲሁ ነው፦ «ገለጹ» ሲባል መረጃ የነበረው ነገር «አመኑ» ሲባል ጥፋት ይሆናል። አዘጋጁ ሊይዘው የሚገባው ደንብ ቀላል ነው፤ ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት አክብሮት፣ አንድ ዓይነት ግሥ።

«አሸባሪ ያላለ ጋዜጠኛ ደጋፊያቸው ነው»

ቢቢሲ ቃሉን በራሱ አንደበት ከመጠቀም ይልቅ ማን እንዳለው ጠቅሶ ማቅረብን ይመርጣል። ምክንያቱን በእኛው አገር አይተነዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትን በሚያዝያ 2013 በሽብርተኝነት ፈረጀ፤ በመጋቢት 2015 ስያሜውን አነሣ። «ምክር ቤቱ በሽብርተኝነት የፈረጀው» ብሎ የጻፈ ዘጋቢ ዛሬም ጽሑፉን የሚያርምበት ምክንያት የለውም።

«ቃል ሰው አይገድልም»

የሩዋንዳው ኤርቴኤልኤም ሬዲዮ በ1994 እ.ኤ.አ. ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ያሰራጭ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ፍርድ ቤት ከመሥራቾቹ ሁለቱን በ2003 እ.ኤ.አ. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏል።

«የሁለቱንም ሰምቶ መሃሉን መውሰድ ይሻላል»

አንዱ 20፣ ሌላው 60 ቢል እውነቱ 40 አይሆንም፤ ሁለቱ የቆጠሩት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። «60 ሙትና ቁስለኛ» ውስጥ የሞቱት 5 ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። «ተደመሰሰ» ደግሞ ጭራሽ የሚቆጠር ነገር የለውም፦ ሞተ፣ ተማረከ ወይስ ሸሸ? ቁጥር ስትሰሙ መጀመሪያ ምን እንደተቆጠረ፣ ከዚያ ማን እንደቆጠረ፣ በመጨረሻም ቆጣሪው ቦታው ላይ እንደነበር ጠይቁ። ሦስቱም ካልተመለሱ ቁጥሩን ለሰው አታስተላልፉ።